ከዕቅድ ኃላፊው ጋር ተቆራኝተን የዋልን ዕለት

ልጆቼ፣ ቁራኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እናንተ የምትሰሙት “የአልጋ ቁራኛ” ሲባል ነው፤ በሽተኛ ከአልጋው አልነሣ ሲል። ቃሉ ግን የሕግ ቃል ነበር። ድሮ ሰውና ሰው ሲካሰስ ከሳሽ የልብሱን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥርና ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ ካስፈለገም አብረው ያድራሉ። እኔ ልጅ ሆኜ አዲስ ዓለም ገበያ እንዲህ የተቋጠሩ ሁለት ጎልማሶች አይቻለሁ። መንገዱን ሙሉ ይሰዳደባሉ። አንዱ ሲጠማው ሌላው እየተራገመ ተከትሎት ጠላ ቤት ገባ። ቋጠሮውን ግን አንዳቸውም አልነኩትም። ቁራኛ የፈታ ከሕግ ሸሸ ይባላላ! ከሕግ የሸሸ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ዋስ የሚሆነው አያገኝም።

እንግዲህ እኔ ሸዋነሽ በ2011 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ከዩኒቨርሲቲው የዕቅድ ኃላፊ ጋር እንዲህ ተቋጥሬ ውያለሁ። አንዳንዱ እንደ ቀልድ ያወራዋል። ቀልድ አልነበረም።

ቤታችን ከአምቦ ወጣ ብሎ ቦራ የምትባል ሰፈር ነው። ከቦራ ወደ ከተማ የሚያወጣ አንድ ደህና መንገድ አለ፤ ሜዳውን አቋርጦ የሚሄደው። ሌላው ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና የሚወጣው ነው፤ እሱን ፍየል እንጂ ሰው አይወደውም። ባሌ ደቻሳ ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ማርያምን የሚስመውም፣ ሐኪም ቤት የሚሄደውም፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚጫወተውም በሜዳው አልፎ ነው። ሜዳው ከተዘጋ ደቻሳ በቁሙ ታሰረ ማለት ነው። ሲሞትም ቃሬዛው በገደል ሊወርድ ነው። ለእኔ ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ፖለቲካ የለኝም።

ዩኒቨርሲቲው ሜዳውን ለማስፋፊያ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ እኔ ትምህርት አልጠላም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ፊደል የቆጠርኩ፣ ከዚያም በማታ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ሴት ነኝ። ልጄ አያንቱ እዚያው ግቢ ተምራ ዛሬ ግንጪ ታስተምራለች። መሬት ስጡ ሲሉን ሰጠን። ጎረቤታችን ኦቦ ጅሩ ገብስ የሚዘራበትን ሰጥቷል። መሬት ሰጠን፤ መንገድ ግን አልሰጠንም።

መጀመሪያ ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰቡን። የመጣው ሚልኪያስ ነው፣ የዕቅድ ኃላፊው። የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እናቱን ወርቅቱን አውቃታለሁ፣ ማኅበር አብረን ጠጥተናል። እሱን ደግሞ አዝዬዋለሁ። ግድግዳው ላይ በመብራት ሥዕል አበራና “የሠላሳ ዓመት መሪ ዕቅድ” አለ። ኦቦ ጅሩ እጁን አወጣ።

“ልጄ፣ ይሄ መሪ ዕቅድ ያልከው በፈረንጅ አፍ ማስተር ፕላን የሚባለው አይደል?”

ሌላ አገር ማስተር ፕላን ቢሉት ሰው ያዛጋ ይሆናል። አምቦ ላይ ግን አይዛጋም። በ2006 ዓ.ም. በዚያ ቃል ምክንያት ስንት ልጅ እንደቀበርን የሚረሳ የለም። ሚልኪያስም ያውቃል፤ አውቆም ነው ቃሉን የሸሸው።

“ኦቦ ጅሩ፣ ያኛው ሌላ፣ ይሄ ሌላ” አለ ረጋ ብሎ። “ይሄ የትምህርት ነው።”

“እሺ፣ ልብሱን ቀይሮ መጣ እንበል” አለው ጅሩ። “መንገዳችንስ?”

“አማራጭ መንገድ ይጠናል።”

“ይጠናል! ልጆቻችን እንኳ ሲያጠኑ ፈተና አለባቸው። የእናንተ ፈተና መቼ ነው?”

ሰው ሳቀ። ሚልኪያስም ትንሽ ፈገግ አለ፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀን የለም። ደብዳቤ ጻፍን፤ ዝም። ሽማግሌ ላክን፤ “ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባለ።

አንድ አርብ ጠዋት ደቻሳን ፀሐይ ላይ አውጥቼ ላስቀምጠው ስል ከሜዳው በኩል የማሽን ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ የአጥር ቋሚዎች ተደርድረዋል፤ ዶዘሩ መንገዳችንን ሊገለብጥ አፍንጫውን ደፍቷል። ደቻሳ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ “ሸዋዬ፣ ዘጉት?” አለኝ። “ገና ነው” አልኩትና ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። አልሮጥኩም። በሰባ ዓመት ማን ይሮጣል? ግን ደረስኩ።

ማሽኑ ፊት ቆምኩና እጄን አንሥቼ፣ “በሕግ አምላክ!” አልኩ።

ማሽኑ ቀጥ አለ። ሾፌሩ ሮብሳን የሚባል፣ ፂሙ ገና የበቀለ ጎረምሳ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን አወጣ። ሚልኪያስ ከመኪናው ወርዶ አቧራውን እያራገፈ መጣ።

“እማማ ሸዋነሽ! ምን ነካዎት? ማሽን ፊት ይቆማል እንዴ?”

“ማሽኑማ ቆመልኝ። አልቆም ያልከው አንተ ነህ።”

“ሮብሳን! ምን ትጠብቃለህ?”

“ጋሼ፣ ሕግ ጠርተዋል እኮ” አለ ሮብሳን ከላይ። “በሕግ አምላክ ያለችን ሴት አልፌ መሄዴን ሃርሜ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም።” ሃርሜ እናቱ ናት፤ የትም ትኑር የት፣ ልጇን አሳድጋዋለች።

“እማማ፣ እኔ ላይ ቀነ ገደብ አለ። የበላይ አለብኝ።”

“የበላይ ያለበት ሰው የበታችም አለበት፤ እኛ ነን።”

እንዲህ እያልኩት የነጠላዬን ጫፍ ይዤ፣ የጃኬቱን ጫፍ ሳብ አድርጌ ቋጠርኩ። እንደ ጤፍ አቁማዳ፣ አጥብቄ። አልገባውም ነበር፤ ቁልቁል ቋጠሮውን አየ።

“ምን እያደረጉ ነው?”

“ተቆራኘን። ከስሼሃለሁ። ዳኛ ፊት እንሄዳለን።”

“ኧረ እማማ! ይሄ የየትኛው ዘመን ነገር ነው?”

“ያንተ ዘመን አልሰማ ሲለኝ ከእኔ ዘመን ተበደርኩ።”

እጁ ወደ ቋጠሮው ሄደ። በዚህ መካከል የቦራ ሰው ተሰብስቧል። ኦቦ ጅሩ ምርኩዙን መሬት ላይ ተክሎ ጮኸ፤ “ፍታው! ፍታው እስቲ እንይህ! የወርቅቱ ልጅ ከሕግ ሸሸ ብለን ለእናትህ እንነግራታለን!”

ሚልኪያስ የሰውን ፊት አየ። የሮብሳንን አየ። እጁን መለሰ።

“እሺ” አለ ጥርሱን ነክሶ። “ዳኛ ጋ እንሂድ፤ ይለቅልን።”

እስከ አስፋልቱ በእግራችን ሄድን፤ በዚያው በመንገዳችን። እሱ ሲፈጥን ነጠላዬ ይወጠራል፣ እኔ ስዘገይ ጃኬቱ ይሳባል፤ ኋላ ሳንነጋገር እርምጃችን ገጠመ። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን፣ “ሠርግ ነው እንዴ? ቀለበት ጠፍቶ ነው?” አለ። ነገሩን ስነግረው ግን ለሚልኪያስ አዘነለት መሰለኝ፣ “ጋሼ፣ ታዲያ ጃኬቱን አውልቀህላቸው አትሄድም?” አለው።

“ቆዳውን ጥሎ የሚሄደው እባብ ነው” አልኩ።

ሚልኪያስ ዚፑን ይዞ ነበር። ለቀቀው።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየን። ዳኞቹ ሥልጠና ሄደዋል፣ ሰኞ ኑ አለን። “ሰኞ!” አለ ሚልኪያስ። “እስከ ሰኞ ምን ልሁን?”

“እኔ ቤት ታድራለህ። ደቻሳ መደቡን ይለቅልሃል፤ ማንኮራፋቱን ግን አንተ ትችለዋለህ።”

ያን ጊዜ ሳቀ ልጆቼ። ሳይወድ ነው የሳቀው፤ ግን ያ ልጅ፣ ያ ያዘልኩት ልጅ ብቅ ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። በጆሮው ይዞ፣ “አዎ ዶክተር… መጣሁ… አይ፣ አንድ ነገር ገጥሞኝ ነው” ይላል። ሲዘጋው ፊቱ ጠቁሯል።

“እማማ፣ ዕቅዱ ዛሬ ነው የሚጸድቀው። ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው። እኔ ነኝ የማቀርበው።”

“የእኛ መንገድ የሚዘጋበት ዕቅድ?”

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

“እንሂዳ!” አልኩት። “ዳኛ ባይኖር ሸንጎ ተገኘ።”

ግቢው በር ላይ ጥበቃዋ ድንቅቱ የምትባል ሴት ነች፣ ፈታሽ። “እናቴ፣ መታወቂያ?” አለችኝ። ሚልኪያስን እያሳየኋት፣ “ይኸውልሽ፣ ልብሴ ላይ ተቋጥሯል” አልኳት። አፏን በመዳፏ ይዛ አሳለፈችን። ስንት ጊዜ ያንን በር ቆሜ ለምኜ ተመልሻለሁ! ደብዳቤ ያላስገባኝን ቋጠሮ አስገባኝ።

የስብሰባው ክፍል ረጅም ጠረጴዛ አለው፤ በየሰዉ ፊት አምቦ ውኃ ቆሟል። ከራስጌ የተቀመጠችው ምክትል ፕሬዚዳንቷ ዶክተር ዲቦራ ነች፣ መነጽር ያደረገች፣ ቁጥብ ሴት። አየችን። መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየችን።

“አቶ ሚልኪያስ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“ባለጉዳይ ናቸው፣ ዶክተር።”

“ባለጉዳይ ውጭ ይጠብቃል።”

“ልጄ፣ እኔ ውጭ ልጠብቅ ብል እሱም መውጣቱ ነው” አልኩ።

ከወዲያ ማዶ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዶክተሯ ለጸሐፊዋ “መቀስ አምጪ” አለቻት። መቀሱ መጣ። እኔ ነጠላዬን ዘረጋሁላት።

“ቁረጪው። መንገድ የሚቆርጥ ነጠላ አያቅተውም።”

ጸሐፊዋ መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ዶክተር ዲቦራ ተቀመጪ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የቸኮለች ሰው ነች። “እናቴ፣ ዳኛ ፈልገው ከሆነ ይንገሩኝ፣ እኔ ልዳኝ” አለችኝ።

“አንቺማ ባለጋራዬ ነሽ። የምታጥሪውም አንቺ፣ በአጥሩ ላይ የምትፈርጂውም አንቺ? አይሆንም። መጀመሪያ እሱ ያቅርብ፤ እኔም ልስማ።”

እናም ሚልኪያስ አቀረበ። ግድግዳው ላይ ዕቅዱ በራ፤ እሱ አጠገቡ ቆመ፣ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ምን ላድርግ፣ ተቋጥሬያለሁ። ቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪ ማደሪያ፣ ቤተ ሙከራ፣ ስታዲየም፣ ዛፍ የሚተከልበት አረንጓዴ ቦታ። አልዋሻችሁም፤ ያምር ነበር። እንደ አያንቱ ያሉ አሥር ልጆች ኖረውኝ በተማሩበት ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ቤታችንን ፈለግሁ።

“ቦራ የታለች?”

“እማማ፣ ቦራ ከካርታው ውጭ ናት” አለኝ በለሆሳስ።

“እና እኛ የት ነው የምንኖረው?”

ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

“ሠላሳ ዓመት አስባችኋል፤ ጎሽ። እኔ ነገን ማሰብ ያቅተኛል። እስቲ ንገሩኝ፤ በእነዚህ ሠላሳ ዓመታት ቦራ የሚወለደው ሕፃን በየት ዞሮ ነው እዚህ የሚማረው? በገደል? ለእሱ ነው የምትሠሩት፣ በእሱው ላይ ነው የምታጥሩት።”

አንድ ቀይ ከረባት ያሰረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። “ነገሩ ቀላል ነው። አጥሩ ላይ በር እንተውላቸው። ጠባቂ ይኖረዋል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይከፈታል። መታወቂያ እያሳዩ ያልፋሉ።”

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አላቸው፤ ተገላገሉ። ሚልኪያስም አየኝ፤ እሺ በሉ እማማ ይላል ዓይኑ። እውነት ለመናገር እኔም ለአፍታ ልቤ ደከመ። በር ከገደል ይሻላል አይደል? ግን ደቻሳን አሰብኩት፣ ጥበቃ ፊት ቆሞ ኪሱን ሲዳብስ።

“እንቢ” አልኩ።

“ለምን?” አለች ዶክተሯ።

“በር ያለው ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ያለው ጌታ አለው። ምጥ የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ሬሳም መታወቂያ አይዝም። በገዛ መንገዳችን ‘ቤቶች!’ እያልን አንሄድም። እኔ ለምኜ ላልፍ አልመጣሁም፤ እንደማልፍ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።”

ዶክተር ዲቦራ ወደ ሚልኪያስ ዞረች። “አቶ ሚልኪያስ፣ እንደ ባለሙያ ምን ይላሉ?”

ሚልኪያስ ከፊቱ ያለውን አምቦ ውኃ ከፈተ፤ ሽው አለ፤ አልጠጣውም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የወረቀት ዕቅድ ወደ ራሱ ሳበ፣ እኔም ተሳብኩ። ብዕር አወጣና ከቦራ ጀምሮ እስከ አስፋልቱ አሰመረ። መንገዳችንን። የምትታጠፍበት ቦታ ላይ እንኳ መስመሩን አጠፈው፤ ልጅ ሆኖ ስንት ጊዜ ሮጦባታል።

“በዚህ ያልፋል” አለ። “አጥሩ ሁለት ይሆናል፣ በዚህና በዚያ። መካከሉ ክፍት መንገድ፤ ለተማሪው መሻገሪያ ድልድይ ይሠራል። የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ይጠባል።”

“ይህ እኮ አልጸደቀም!” አለ ባለቀይ ከረባቱ።

“እኔ አዲስ ነገር አልጨመርኩም። ያለውን ነው የሳልኩት። ሳልስለው የቀረሁት ነው ስሕተቱ።”

ዶክተሯ መስመሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላም ያንን ቃል አመጣችው። “ይጠናል” አለች።

“አጥኑ” አልኩ። “እኛ እየሄድንበት ነው የምታጠኑት።”

ከዚያ ቋጠሮውን ልፈታ ሞከርኩ፤ ሲወጠር ውሎ ድንጋይ ሆኗል። በቀሩኝ ጥርሶች ነክሼ ፈታሁት። ሚልኪያስ አጎንብሶ ጫፉን ያዘልኝ። “ክሱን አልተውኩም” አልኩት። “አውቃለሁ፣ እማማ” አለኝ።

ጥናቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። ሚልኪያስን ግን ወዲያው አነሡት፤ መዝገብ ቤት አስቀመጡት። ማርያም ደጅ ሲያገኘኝ ጉልበቴን ይስማል፣ እኔም ግንባሩን። ጸጽቶህ ይሆን ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት። “መዝገብ ቤት ጸጥ ይላል እማማ፣ እንቅልፌም መጥቷል” አለኝ። ወርቅቱ ደግሞ ልጄን ከሹመት አወረድሽብኝ ብላ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር፤ እውነቷን ነው፣ እናት ናት። ኋላ ራሷ መጥታ በመንገዱ ላይ አቀፈችኝ።

እኛ ግን መሄድ ነው። ከዚያ አርብ ማግስት ጀምሮ ቦራ ውስጥ ጉዳይ ያለውም የሌለውም ይሄዳል። ጅሩ ከብቶቹን በዚያ ይነዳል። ሴቶቹ ገበያ ባይኖርም ደርሰው ይመለሳሉ። ሣር እንዳይበቅልበት፣ “ሰው የማይረግጠው መሬት ነው” እንዳይሉን። አጥሩ ከምሥራቅ መጣ፣ ከምዕራብም መጣ፤ መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። አንድ ጊዜ ሽቦ ወጥረውብን ነበር። ሽቦው ፊት ቁጭ አልን፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳንል፣ ምሳችንን ይዘን። የወጠሩት ሰዎች ራሳቸው ፈቱት።

አለቆቹ ይቀያየራሉ። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ አዲስ የዕቅድ ኃላፊ መጣች፤ ሚስጥር ትባላለች፣ ወጣት ነች፣ ጫማዋ ጭቃ የለመደ አይደለም። ከደቻሳ ጋር ማርያምን ስመን ስንመለስ መንገዱ መካከል ቆማ አገኘናት፤ በእጇ ታብሌት የሚሏትን የምትበራ ሰሌዳ ይዛለች። ከሰላምታ በኋላ፣ “አባቴ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ይህ መንገድ ሰነድ ላይ የለም። በማን ፈቃድ ነው የምትሄዱበት?” አለች።

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ደቻሳ ክንዴን ጨበጠኝ። እሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

“ልጄ” አላት፣ “ጉልበቴን ያመኛል፤ ቆሜ መልስ መስጠት አልችልም። እየሄድሽ ጠይቂኝ።”

ዞር ብላ አጥሩን አየች፣ እኛን አየች። ከዚያ ሰሌዳዋን ብብቷ ውስጥ ከታ በሌላው ጎኑ ደገፈችው፤ ሦስታችንም ወደ ቦራ መሄድ ጀመርን።